ስለ ሕፃናት የልብ አፈጣጠር ጉድለቶች አሰያየም

በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት፣ ልባቸው ወይም ከልብ የሚነሡት ታላላቅ የደም ሥሮች በማኅፀን በሚገባ ሳይሠሩ ይወለዳሉ። ይህን ሁኔታ በአማርኛ ለመግለጽ «የዘር»፣ «የትውልድ» እና «የተፈጥሮ» የተባሉት ቃላት እየተፈራረቁ ሲሠራባቸው ይታያል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሦስቱ ለምን እንደማይተካኩ ለማስረዳትና ለተርጓሚዎች ይበጃል ያልነውን ለማቅረብ እንሞክራለን።

«የዘር» የሚለው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍን ነገር ያመለክታል። ከልብ ጉድለቶች መካከል በዘር የሚተላለፉ ቢኖሩም፣ ለአብዛኞቹ አንድ የተለየ መንሥኤ አይታወቅም። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ በ1941 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ እናት በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወራት ሩቤላ በተባለው በሽታ ስትያዝ የልጇ ዓይንና ልብ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ጉዳት ከልጁ ጋር ይወለዳል እንጂ ከዘር አይመጣም። ስለዚህ «የዘር» ተብሎ ሲተረጎም፣ ሕመሙ በማን ወገን መጣ የሚል ክርክር በባልና በሚስት ዘመዶች መካከል ሊያስነሣ ይችላል።

«የትውልድ» የሚለው አሻሚ ነው። «የትውልድ ቀን» ስንል መወለድን፣ «ከትውልድ ወደ ትውልድ» ስንል ግን የዘርን ተከታታይነት እንገልጻለን። ሰሚው ሁለተኛውን ፍች ከወሰደ ወደ «የዘር» ተመለስን ማለት ነው። «የተፈጥሮ» የሚለው ደግሞ የሰው እጅ የማይገባበትን፣ የማይለወጥን ነገር ያስመስላል። ይሁን እንጂ ከጉድለቶቹ ብዙዎቹ በቀዶ ሕክምና ይጠገናሉ፤ አንዳንዶቹም በራሳቸው ጊዜ ይዘጋሉ።

ለማሳጠር «አብሮ ወለድ» ቢባልስ? «ውሃ ወለድ በሽታ» በሚለው ውስጥ «ወለድ» መነሻን ስለሚያመለክት፣ ከ«ልብ» ጋር ሲገናኝም ድርሰትን ስለሚያስታውስ፣ ይህን አልመረጥነውም። የምንመርጠው «አብሮ የተወለደ የልብ አፈጣጠር ጉድለት» የሚለውን ነው። ርዝመቱ ባይካድም፣ «አብሮ የተወለደ» ጊዜውን ብቻ ይናገራል፤ «አፈጣጠር» ደግሞ ጉድለቱ በልቡ አካል ላይ መሆኑን ያሳያል። በዚህም ስያሜው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከሚመጣው ከሩማቲክ የልብ በሽታ ይለያል።

ሌላው አከራካሪ ቃል «ቀዳዳ» ነው። ቃሉ ከ«ቀደደ» የወጣ በመሆኑ ደኅና የነበረ ነገር የተቀደደ ያስመስላል፤ ወላጅም ደሙ ከልብ ወደ ውጭ የሚፈስ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥ የሆነው ግን የልብን ቀኝና ግራ የሚለየው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም መቅረቱ ነው፤ ደሙም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያልፋል። ስለሆነም «የልብ ግድግዳ ክፍተት» ቢባል ይሻላል።

ከዚህ ለይተን የምናየው፣ ዋናውን ደም ቅዳ ከሳንባው ደም ቅዳ ጋር የሚያገናኘውን አጭር ቧንቧ ነው። ይህ ቧንቧ በማኅፀን ላለ ሕፃን ሁሉ አስፈላጊ ሲሆን፣ እንደ ልማዱ ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ይዘጋል። ጉድለቱ መኖሩ ሳይሆን አለመዘጋቱ ስለሆነ «ያልተዘጋ የደም ቧንቧ» ብንለው ነገሩን በትክክል ይገልጻል። እርግብግቢት ሕፃኑ ሲወለድ ክፍት ሆኖ ቆይቶ እንደሚገጥም የምታውቅ እናት ይህን ለመረዳት አትቸገርም።

እንግዲህ ተርጓሚው ቃሉን ከመወሰኑ በፊት፣ እናቲቱ ቤቷ ገብታ የልጇን ሕመም ለዘመዶቿ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ሊያስብ ይገባል እንላለን።