ከዜማው በስተጀርባ ያሉ ስሞች፦ የ«ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ፊልም ሠሪዎች እና የወሎ ሥነ ቃል አሰናነድ

በኢትዮጵያ በካሴት ሽፋኖችም ሆነ በምስል በተደገፉ ዘፈኖች ላይ ሦስት ቃላት ዘወትር ይነበባሉ፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ዘፈኑ ከባህል የተወሰደ ሲሆን በግጥሙ ወይም በዜማው አንጻር ብዙ ጊዜ «ሕዝብ» ተብሎ ይጻፋል። አጻጻፉ መሠረት አለው፤ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ዜማ የአንድ ሰው ድርሰት ነው ማለት ያስቸግራልና። ይሁን እንጂ በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ያን ዜማ ያወጡት፣ የተቀበሉትና በከበሮ ያጀቡት ሰዎች በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ተጠቃልለው ይጠፋሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሙዚቃዊ ፊልም ውስጥ የሥራ ክፍፍል እንዴት እንደሚከናወን፣ የሠሪዎቹ ዝርዝርም ምን እንደሚገልጥና ምን እንደሚሰውር ማብራራት ነው። ለማሳያነት የተመረጠው በቤተሰብ ፊልምነቱ በዓለም የታወቀው «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው። ከዚያም የተገኘው ግንዛቤ በሰሜን ወሎ ሥነ ቃል ለሚሰበስብ ተመራማሪ ያለው ፋይዳ ይታያል። የፊልሙን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

ዝርዝሩ የሚገልጠው

ፊልሙ በ1965 በትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ ኩባንያ ለዕይታ በቃ። አዘጋጁና ፕሮዲዩሰሩ ሮበርት ዋይዝ ሲሆን፣ የፊልም ጽሑፉን ያዘጋጀው ኧርነስት ሌህማን ነው። መሠረቱ በ1959 በኒው ዮርክ ለመድረክ የቀረበው ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። የተውኔቱን ታሪክ ሃዋርድ ሊንድሴይና ራስል ክራውስ፣ ዜማውን ሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙን ኦስካር ሃመርስታይን ደረሱት። ሃመርስታይን ተውኔቱ ለመድረክ በበቃ በዓመቱ በ1960 በማረፉ፣ ለፊልሙ በተጨመሩት ሁለት ዘፈኖች ላይ ሮጀርስ ዜማውንም ግጥሙንም ራሱ ደርሷል። ስለዚህ በአንዱ ፊልም ውስጥ እንኳ «ግጥም» ለሚለው ቃል መልሱ እንደየዘፈኑ ይለያያል።

በፊልሙ ላይ ጁሊ አንድሩስ የማሪያን፣ ክሪስቶፈር ፕላመር የሻምበል ፎን ትራፕን፣ ፔጊ ዉድ የገዳሟን እመምኔት ገጸ ባሕርያት ተጫውተዋል። ሰባት ልጆችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ከካሜራው በስተጀርባ ደግሞ ኢርዊን ኮስታል ሙዚቃውን አቀናብሮ መርቷል፤ ማርክ ብሮና ዲ ዲ ዉድ ውዝዋዜውን ነድፈዋል፤ ቴድ ማኮርድ ምስሉን ቀርጿል፤ ዊሊያም ሬይኖልድስ አርትዖቱን ሠርቷል፤ ዶሮቲ ጂኪንስ አልባሳቱን አዘጋጅታለች። ፊልሙ ካገኛቸው አምስት የኦስካር ሽልማቶች መካከል የአርትዖት፣ የድምፅና የሙዚቃ ቅንብር ሽልማቶች መገኘታቸው የእነዚህን ባለሙያዎች ድርሻ ክብደት ያመለክታል።

ዝርዝሩ የሚሰውረው

በሙዚቃዊ ፊልም አሠራር ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀረጻል። በቀረጻው ቦታ የተቀዳው ድምፅ ይከፈትና ተዋናዩ ከንፈሩን ከድምፁ ጋር እያስማማ ይጫወታል። ድምፅና ፊት በዚህ መልክ ስለሚለያዩ የአንዱን ሰው ድምፅ በሌላው ፊት ላይ ማዋል ይቻላል። በ«ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ውስጥ ፕላመር ሲዘፍን የሚሰማው የቢል ሊ ድምፅ ነው። በእመምኔቷ አንደበት የሚሰማውም የማርጀሪ ማኬይ ነው። የልጆቹ ኅብረ ዝማሬም በሌሎች ልጆች ድምፅ ተጠናክሯል። የሁለቱ ዘፋኞች ስም ግን በፊልሙ የሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ አልሰፈረም።

ከመነኮሳቱ አንዷን ሆና የተጫወተችው ማርኒ ኒክሰን የዚህን አሠራር ሌላ ገጽታ ታሳያለች። ኒክሰን ቀደም ሲል በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለናታሊ ዉድ፣ በ«ማይ ፌር ሌዲ» ደግሞ ለኦድሪ ሄፕበርን የዘፈነች ድምፃዊት ናት። ለ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ሥራዋ ከገቢው ድርሻ በጠየቀች ጊዜ፣ የዜማው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ከራሱ ድርሻ ጥቂት እጅ ለቅቆላታል። ስም ካልተጻፈ የገንዘብ ጥያቄም በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ እንደሚንጠለጠል ይህ አጋጣሚ በግልጽ ያሳያል።

ሁለተኛው ስውር ሰው አስተማሪው ነው። በእውነተኛው ታሪክ የትራፕን ቤተሰብ መዘምራን ያሠለጠነውና የመራው ፍራንዝ ቫስነር የተባለ ካህን ነበር፤ ቤተሰቡ በ1938 ከኦስትሪያ ሲወጣም አብሮ ወጥቷል። በተውኔቱና በፊልሙ ውስጥ ግን ካህኑ የለም። ልጆቹን ዝማሬ የምታስተምረው ማሪያ ብቻ ናት፤ ወደ ውድድር የሚያቀርባቸውም ማክስ የተባለ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ነው። ለታሪኩ ፍሰት ሲባል የብዙ ዓመታት የማሠልጠን ሥራ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ተዛወረ።

ሦስተኛዋ የታሪኩ ባለቤት ናት። ማሪያ ፎን ትራፕ የቤተሰቧን ታሪክ በ1949 በመጽሐፍ አሳትማ ነበር። የፊልም መብቱን ለጀርመን ፊልም ሠሪዎች ሸጠችው፤ በ1956 የወጣው የጀርመንኛ ፊልምም ከዚህ ተወለደ። በዚያ ውል ምክንያት በኋላ በተሠራው የሆሊውድ ፊልም ላይ የራሷን ሕይወት ታሪክ የመቆጣጠር ሥልጣን አልነበራትም።

ከወሎ ክዋኔ አንጻር

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከውጫሌ ቀጥላ ከመርሳ በፊት የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ የቦታ ስሞች ይጠራሉ። አምባሰል ደግሞ ለውርጌሳ ቅርብ ጎረቤት ነው። የቦታው ስም በቅኝቱ ላይ ሲቀር፣ ከብዙዎቹ የጥንት አዚያሚዎች ስም የተረፈው ጥቂት ነው። እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ ድምፃውያን ስም ከአምባሰል ጋር ተያይዞ ሊነሣ የቻለው ድምፃቸው ከነስማቸው ተቀርጾ በመሰራጨቱ ነው።

የወሎ ክዋኔ የራሱ የሥራ ክፍፍል አለው። በሠርግ ዘፈን አውጪ አለ፤ ተቀባይ አለ፤ ከበሮ መቺና ጨፋሪም አለ። በመንዙማም መሪው ሲያወጣ ጀማው ይቀበላል፤ ድቤ መቺው ምቱን ይጠብቃል። አዝማሪ ባለበት ደግሞ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ቃሉን በማሲንቆ እያጀበ ይደግመዋል። በዚህ ጊዜ ቃሉ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው ነው። አሠራሩ ከፊልሙ የድምፅ መተካት ጋር ቢመሳሰልም ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። በግብዣው ቤት ግጥም ሰጪውን ሁሉም ያየዋል፤ ይስቅለታል፤ ያደንቀዋል። የሚሰወረው መቅረጫ መሣሪያው የአዝማሪውን ድምፅ ብቻ ይዞ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ስም የማጥፋቱ ምንጭ ባህሉ ሳይሆን አሰናነዱ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ሕጋዊ ገጽታም አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው መብት ጎን ለጎን ለከዋኞችና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሮች ተዛማጅ መብቶችን ይሰጣል። ዜማው «የሕዝብ» ቢሆንም እንኳ የዚያን ቀን ክዋኔ ያቀረበው ሰው ማንነት በሕግ ፊት ትርጉም አለው ማለት ነው። ነገር ግን ስሙ ያልተመዘገበ ከዋኝ ከዓመታት በኋላ መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ የጋራ ሀብት ለሆነ ዜማ ግለሰባዊ ባለቤት መስጠት ባህሉን ያዛባል የሚል ነው። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋው የዜማው ድርሰትና የአንድ ቀን ክዋኔ ካልተለዩ ብቻ ነው። ዜማውን «የሕዝብ» ብሎ፣ ክዋኔውን በተሳታፊዎቹ ስም መመዝገብ ይቻላል። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ ግጥም ሰጪው አንዳንድ ጊዜ በአዝማሪው አንደበት የሚናገረው መታወቅ ስለማይፈልግ ነው። ሽሙጥ ወይም የባለሥልጣን ወቀሳ በሰምና ወርቅ ሲቀርብ ስም አለመታወቁ ራሱ መከለያ ይሆናል። በመሆኑም ስም ከመጻፉ በፊት የባለስሙ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ፈቃድ ካልተገኘ ሚናው ይመዘገባል፣ ስሙ ይቀራል።

ከዚህ በመነሣት በመስክ የሚሰማራ ተመራማሪ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አምስት ጥያቄዎችን ቢመልስ ሰነዱ ይሟላል። ግጥሙን የሰጠው ማን ነው? ያወጣው፣ የተቀበለውና ያጀበውስ? አውጪው ዜማውን ከማን ተማረው? ክዋኔው በምን አጋጣሚ ተከናወነ? ከቀረጻው በኋላ ምን ተቆረጠ፣ ምንስ ተጨመረ? ሦስተኛው ጥያቄ የወሎዎቹን ቫስነሮች፣ ማለትም ዜማውን ያስተላለፉትን አያቶችና መምህራን ወደ ዝርዝሩ የሚመልስ ነው፤ በዕድሜ የገፉ በመሆናቸውም ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው።