አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲታመም

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚኖረው በዘይቱ ነው። ዘይቱ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱን ያበርዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፓምፕ እየተገፋ ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች አጣብቆ ማርሽ ያስገባል። ስለዚህ ዘይቱ ሲጎድል ወይም ሲቃጠል ሕመሙ ቶሎ የሚታወቀው በማርሽ አቀያየር ነው።

ችላ የማይባለው ምልክት መንሸራተት ነው። መኪናው የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ሽቅብ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። በዚህ ሁኔታ መንዳት መቀጠል ሸራዎቹን አቃጥሎ መጨረስ ነው። ጠዋት ማርሹ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ሲገባ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ በጉልበት የሚነሣ መኪናም ግፊቱ በጊዜ እየደረሰው ላይሆን ይችላል።

ምርመራው ከዘይት ይጀምራል። በአብዛኞቹ መኪኖች መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ መለኪያ ዘንጉ ይመዘዝና በነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ ላይ ጥርት ያለ ቀይ ከታየ ደህና ነው። ጠቆር ብሎ የማረር ሽታ ካለው ካምቢዮው ከልክ በላይ ሞቋል። ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ፣ ብዙ ጊዜ ከራዲያተሩ፣ ውኃ ገብቶበታል፤ ያ መኪና መንቀሳቀስ የለበትም። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ዘንግ ስለሌላቸው ልኩ ጋራዥ ውስጥ ይታያል።

የዘይቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የገቡ ብዙ ቪትዞች ካምቢዮአቸው ሲቪቲ ነው፤ በጥርስ ፈንታ የብረት ቀበቶ ስለሚጠቀም የራሱን ዘይት ይፈልጋል። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ይጎዳልም።

የሞተር መብራት በርቶ የመመርመሪያው ኮምፒውተር ፒ0700 የሚል ኮድ ቢያሳይ፣ ካምቢዮው ስሕተት መዝግቧል ማለት እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ዝርዝሩ ከካምቢዮው ኮምፒውተር መነበብ አለበት። ጥፋቱ አንድ ሶሌኖይድ፣ ሴንሰር ወይም የተበላ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይታይ «ካምቢዮ ይውረድ» የሚል መካኒክ ባለንብረቱን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

መኪናው ጨርሶ ከቆመ አጎታተቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፓምፑም ስለሚቆም፣ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና የፊት ጎማዎቹ መሬት ነክተው ከተጎተተ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይሽከረከራል። የፊቱ ተነሥቶ ይጎተታል ወይም ሙሉ በሙሉ በጭነት መኪና ላይ ይጫናል።