ጎድኗ ከወጣች በኋላ

ከአንገት ሥር፣ ክላቪክል በሚባለው አጥንትና ከሁሉም በላይ በምትገኘው ጎድን መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች፣ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በዚያው ይሽሎከለካሉ። ቦታው ሲጠብ ጣት ይደነዝዛል፣ እጅ ይዝላል፣ አንዳንዴም ደም ይረጋል። ሕመሙ ቶራሲክ አውትሌት ሲንድሮም ይባላል። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙን ያህል የሚያሠቃየው የነርቮቹ መጨፍለቅ ነው።

ብዙ ሰው ያለ ቢላ፣ በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል። ላልተሻለው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሐኪሙ ያቺን ጎድን ቆርጦ ያወጣል፤ ከአንገት ወርደው እሷ ላይ የሚያርፉትን ስካሊን የተባሉ ጡንቻዎችም ያላቅቃል ወይም ያወጣል።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ልምምድ ክንድን ሳይሆን ትንፋሽን ይመለከታል። ስካሊኖቹ ጎድንን ወደ ላይ እየሳቡ መተንፈስን ያግዛሉ፤ ድያፍራምን የሚያዘው ነርቭም በፊት ለፊቱ ስካሊን ላይ ተጋድሞ ስለሚያልፍ በቀዶ ሕክምናው ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ ትከሻውን ሳያነሳ ቀስ ብሎ መሳብን ይማራል። አንገት በዝግታ ይዞራል፣ ጣት ይጨበጣል፣ ይዘረጋል። ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ለሳምንታት ክልክል ነው፤ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳም ያው ነው።

ታዲያ ክንዱ ለምን አያርፍም? የሚድነው ሥጋ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ነርቩ ላይ ከተጣበቀ አዲስ የተከፈተው መንገድ መልሶ ይጠባል። ፊዚዮቴራፒስቱ ክንድን እያስዘረጋ፣ የእጅ አንጓን እያሳጠፈ ነርቩን በሱሪ ወገብ ውስጥ እንዳለ ማሰሪያ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትተዋል። መጎተት አይፈቀድም፤ ጣት መንዘር ከጀመረ ልክ ታልፏል።

ጉልበት ማጎልበት የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እሱም የሚጀምረው ከጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ከሚይዙ ጡንቻዎች ነው። ትከሻ ወደ ፊት ከወደቀ መተላለፊያው ይጠባልና። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስላል፦ ሕመሙ ቀለል ሲል ክብደት ያነሳሉ፣ በማግስቱ ድንዛዜው ይመለሳል። ክሩ የተበጠሰ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው፤ ከአንገት እስከ ጣት ያለውን ርቀት ማስላት ትዕግሥትን ያስተምራል።

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ብራንደን ኢንግራም ክንዱ ላይ ደም ረግቶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ይኸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ከኤን.ቢ.ኤ. ተጫዋቾች ሁሉ በላቀ መሻሻል ተሸለመ። የቤዝቦል ወርዋሪው ሜሪል ኬሊም በ2020 ታክሞ በ2023 ዎርልድ ሲሪስ በተባለው የሊጉ ፍጻሜ በአንድ ጨዋታ ሰባት ዙር ወረወረ፣ ቡድኑም ያን ጨዋታ አሸነፈ። ሌላው ወርዋሪ ስቲቨን ስትራስበርግ ግን በ2021 ከታከመ በኋላ በትልቁ ሊግ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የቻለው።

ለቢሮ ሠራተኛ መለኪያው ቀላል ነው። ብዙዎች በሳምንታት ውስጥ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ፤ ኮምፒውተሩ ከፍ ይላል፣ ክንድ መደገፊያ ያገኛል፣ የትከሻው ልምምድ ግን ለወራት ይቀጥላል።