ኢትዮጵያና የአቶሚክ ቦምብ

የመርካቶ ሰው እሳት ምን እንደሆነ ያውቃል። በተክለ ሃይማኖት በኩልም ሆነ በሌላው ተራ ሱቆቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘዋል። አንዱ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ በርሜል ቤንዚን የባለሱቁ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተራው ሁሉ ጉዳይ ነው። የአቶሚክ ቦምብም እንዲሁ ነው። ያለው በጥቂት አገሮች እጅ ነው። የሚያሰጋው ግን ሁሉንም ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. አሜሪካ በጃፓን ከተማ በሂሮሺማ ላይ አንድ ቦምብ ጣለች። በአምስት ወር ውስጥ 140 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ቦምቡ ከፈነዳበት ቦታ ዙሪያውን እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ድረስ ከተማው ወደመ። እስቲ በእኛ ሰፈር እንለካው። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነስተን በየአቅጣጫው ያን ያህል ብንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ታላቁ አንዋር መስጊድ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ከእሳቱ የተረፈውንም ጨረር ይጎዳዋል። ጨረር አይታይም፤ አይሸትም።

ኢትዮጵያ ምን አለች?

በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ውል ተጻፈ። ኢጣሊያም ፈርማ ነበር። ሆኖም በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያውያን ላይ አዘነበች። አገራችን በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብትል የደረሰላት አልነበረም።

ይህ ያገኛት አገር ዝም አላለችም። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ያቀረበችው መግለጫ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ጸደቀ። መግለጫው የ1917ቱን ውል ያነሳል። የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። 55 አገሮች ደገፉ፤ 20 ተቃወሙ፤ 26 ድምፅ አልሰጡም።

ክርክሩ

ከተቃወሙት መካከል አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩ። «ጠላት የሚፈራን መሣሪያው ስላለን ነው፤ ራሳችንን መከላከል መብታችን ነው» ይላሉ። ነገሩ እንዲያው ሲታይ እውነት ይመስላል። ታዲያ ሁሉም እንዲህ ብሎ ቢታጠቅ ማብቂያው ምንድን ነው? አንድ ስህተት፣ አንድ ንዴት ይበቃል።

ሳይርቅ በቅርቡ

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ፈረንሳይ በ1952 ዓ.ም. በአልጀሪያ በረሃ ቦምብ ፈተነች። በ1956 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ላይ ተሰብስበው አህጉራችን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ ይሁን አሉ። ኢትዮጵያ መስፋፋቱን የሚያግደውን የዓለም ውል በ1960 ዓ.ም. ፈረመች። ውሉ ሁለት ወገን አለው። የሌላቸው አይሥሩ፤ ያላቸውም ለማስወገድ ይደራደሩ ይላል። ለሕክምናና ለልማት መጠቀምን አይከለክልም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕመምተኞች በጨረር ታክመዋል።

ደቡብ አፍሪካ በምስጢር ስድስት ቦምብ ሠርታ ነበር። በኋላ ፈታታ ጣለቻቸው፤ በ1985 ዓ.ም. ይህንኑ ለዓለም ገለጸች። በ1988 ዓ.ም. አፍሪካን ከዚህ መሣሪያ ነጻ የሚያደርግ ውል ካይሮ ላይ ተፈረመ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች።

የሌላቸው አብዛኞቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ያላቸው ግን ገና ናቸው። ዛሬም በዘጠኝ አገሮች እጅ ከ12 ሺህ በላይ የኒውክሌር ቦምብ አለ። በርሜሉ ገና ከተራው አልወጣም።

ተወያዩበት

1. «ጎረቤቴ ከታጠቀ እኔም ልታጠቅ» ማለት ሰላም ያመጣል ወይስ ስጋት?
2. ውል ተጽፎ ካልተከበረ ምን ይደረግ?