ከባሕር ወለል በታች ያለው አየር

እጅግ ፈጣን ባቡር በባሕር ሥር ሊሮጥ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ አስቀድሞ የሚያርፈው በውኃው ክብደት ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ዋሻው ተቆፍሮ ከተጠናቀቀ በኋላ የባቡሩን ፍጥነት በዋነኛነት የሚገድበው ዋሻው ውስጥ ያለው አየር ነው።

ረጃጅሞቹ የባሕር ሥር የባቡር ዋሻዎች በውኃ ውስጥ የተዘረጉ ቱቦዎች አይደሉም፤ ከባሕሩ ወለል በታች ባለው ዐለት ውስጥ የተፈለፈሉ መተላለፊያዎች ናቸው። በመስታወት ግድግዳ ማዶ ዓሦች ሲዋኙ የሚያሳዩ ሥዕሎችን ከእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ጋር የሚያትሙ አዘጋጆች አንባቢን ያሳስታሉና ይህን ልማድ ቢተዉት መልካም ነው።

የጃፓኑ ሴይካን ዋሻ ሆንሹና ሆካይዶ የተባሉትን ደሴቶች የሚያገናኝ ሲሆን፣ እንዲሠራ ግፊት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1954 ቶያ ማሩ የተባለችው የባቡር ማሻገሪያ መርከብ በአውሎ ነፋስ ሰጥማ ከ1,100 በላይ ሰዎች ማለቃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው ይህ ዋሻ 53.85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከዚህ ውስጥ በባሕር ሥር የሚያልፈው ግን 23.3 ኪሎ ሜትሩ ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከተዳፋቱ ነው፦ ሐዲዱ ከባሕር ጠለል በታች እስከ 240 ሜትር ስለሚወርድና ቁልቁለቱ በየ1,000 ሜትሩ ከ12 ሜትር እንዳያልፍ ስለተወሰነ፣ ለመውረድ ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። በቁፋሮው 34 ሠራተኞች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የሚሰርገውን ውኃ ዛሬም ያለማቋረጥ በፓምፕ ማውጣት ግድ ነው።

ወደ አየሩ ሲመጣ፣ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ባቡር የገፋው አየር ወደ ጎንና ወደ ላይ ይሸሻል፤ ዋሻ ውስጥ ግን መሸሻ የለውምና ባቡሩ በጎማ መንፊያ ውስጥ እንደሚገፋ ዘንግ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፣ ከኋላው ያለውን ያሳሳል፣ የተረፈው በባቡሩና በግድግዳው መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት እየተሹለከለከ ወደ ኋላ ይፈስሳል። ይህ የአየር መቋቋም ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ልክ ስለሚጨምር፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የወጣው ጉልበት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ረጅም በሆነው ዋሻ ውስጥ ይከማቻል።

እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚያገናኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተውና 50.45 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቻነል ዋሻ ለዚህ ችግር የተሰጠውን መልስ ከሁሉ በተሻለ ያስተምራል፤ አድናቆት የሚገባው ይህ ብልሃት ግን በተሳፋሪዎች ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። እያንዳንዳቸው 7.6 ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት የባቡር ዋሻዎች መካከል 4.8 ሜትር ስፋት ያለው የአገልግሎት ዋሻ ይገኛል፤ ከዚህ ዋሻ በላይ እየተሻገሩ ሁለቱን የባቡር ዋሻዎች የሚያገናኙ 2 ሜትር ስፋት ያላቸው የአየር ማስተንፈሻ ቱቦዎች በየ250 ሜትሩ ተሠርተዋል። ባቡሩ የገፋው አየር በእነዚህ በኩል ወደ ጎረቤቱ ዋሻ ይተነፍሳል፣ ባቡሩ ካለፈ በኋላም ተመልሶ ይገባል፤ ዋሻው ራሱ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ በላይ፣ ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ እንዳያሻቅብ የቀዘቀዘ ውኃ የሚዘዋወርባቸው ቧንቧዎች በዋሻዎቹ ርዝመት ተዘርግተዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ፣ ሜዳ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ዩሮስታር የተባለው የተሳፋሪ ባቡር ዋሻው ውስጥ በ160 ይወሰናል፤ መኪና ከሚጭኑት ዘገምተኛ ባቡሮች ጋር መስመሩን መጋራቱም ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ ዝግ አለ ብሎ የሚያማርር መንገደኛ ይህን ሁሉ ቢያውቅ ቅሬታውን ያነሣ ነበር።

አየሩ ሌላም ጠባይ አለው። ባቡር በፍጥነት ወደ ዋሻ ሲገባ የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ በድምፅ ፍጥነት ቀድሞ ይሄድና በመውጫው በኩል እንደ ነጎድጓድ ይፈነዳል። ይህ ጃፓን ውስጥ ጎልቶ የታየው ሳንዮ የተባለው የሽንካንሰን (የጃፓን ፈጣን ባቡር) መስመር እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ ሃካታ ሲራዘም ነው፤ በዚሁ መስመር ላይ ያለው የሺን ካንሞን ዋሻም በአጭር ርቀት ከባሕር ሥር ያልፋልና፣ ፈጣን ባቡር በባሕር ሥር መሄድ የጀመረው ብዙዎች ከሚያስቡት ቀድሞ ነው። መፍትሔው የመግቢያውን አፍ በመከለያ ማስረዘምና የባቡሩን አፍንጫ ማሾል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 አገልግሎት የጀመረው 500 የተሰኘው ባቡር ዓሣ ለማጥመድ ውኃ ውስጥ የምትወረወር ወፍን ምንቃር የመሰለ 15 ሜትር የሚረዝም አፍንጫ ነበረው።

አየሩን ከዋሻው መምጠጥ ሁሉን ነገር ያቃልላል የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ በፊዚክስ ረገድ ትክክል ነው፤ ባሕር ሥር ግን ሁለት ከባድ እንቅፋቶች ይገጥሙታል። ግፊቱ ከመደበኛው አርባኛ እጅ በታች ሲወርድ ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ወደ ዋሻው የሚሰርገው እርጥበት ሁሉ ወደ እንፋሎትነት እየተለወጠ የተገኘውን ባዶነት ያለማቋረጥ ያበላሻል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 በቻነል ዋሻ እሳት በተነሣ ጊዜ በባቡሩ የነበሩት ሁሉ በሕይወት የተረፉት አየር ወዳለበት የአገልግሎት ዋሻ በእግራቸው ስለገቡ ነው፤ አየር አልባ ቱቦ ውስጥ በር ከመከፈቱ በፊት ቱቦው ዳግም በአየር መሞላት ይኖርበታል።

አየሩ ሳይመጠጥ ሊደረስበት የሚችለውን የሴይካን ታሪክ ያሳያል። ሽንካንሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ዋሻው ሲገባ ፍጥነቱ በሰዓት በ140 ኪሎ ሜትር ተወስኖ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ዋሻ የጭነት ባቡሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያልፉ፣ የፈጣኑ ባቡር ንፋስ በጫኑት ኮንቴይነር ላይ አደጋ እንዳያደርስ ተሰግቷል። ገደቡ በ2019 ወደ 160 ከፍ አለ፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮም የጭነት ባቡሮች በሚቀንሱባቸው የበዓል ቀናት ሰዓት እየተለየ 210 ተፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ በዚሁ አሠራር መስመሩ ከመጀመሪያው የታቀደለት 260 ላይ ተደረሰ። በቀሩት ቀናት ሁለቱ ዓይነት ባቡሮች ዛሬም በአንድ ዋሻ፣ በአንድ አየር ውስጥ ይተላለፋሉ።