ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ

በሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ በእነዋሪ፣ ማመልከቻና ውል እየጻፈ የሚተዳደር ሰው፣ አሮጌው ኮምፒውተሩ ደክሞ አዲስ በገዛ ጊዜ፣ ሰነዶቹን በፍላሽ ቀድቶ ማሻገሩ ቀላል ነው፤ ፕሮግራም ግን ክፍሎቹን በልዩ ልዩ ስፍራ በትኖ፣ ስሙንም በዊንዶውስ መዝገብ (ሬጅስትሪ) አስመዝግቦ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ማኅደሩ (ፎልደሩ) ብቻ ቢገለበጥ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ከመነሻው እንደ ገና መጫን ያስፈልገዋል (የመክፈቻ ቁጥሩንም ከወዲሁ መፈለግ ይበጃል)።

ለእኛ ይልቁን የሚከብደው የፊደሉ ነገር ነው። በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ በቪዥዋል ግእዝ ወይም በፓወር ግእዝ፣ የተጻፈ ሰነድ፣ ፊደላችንን ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ አስፍሮ የያዘ ስለ ሆነ፣ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት፣ የመጻሕፍት ሊቅ እንኳ ሊተረጉመው የማይችል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። የግእዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር አመዳደብ) ሲሆን፣ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ።

ስለዚህ ፎንቶቹን አብራችሁ ቅዱ፤ የቆዩትን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ለውጡ፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ሳታነቡም አሮጌውን አትሽጡ።