«ዋስ ጥራ»፤ ስለ ክርክርና ስለ ማስረዳት ጥናት

«ነገር» የሚለው የአማርኛ ቃል ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ንግግርም ነገር ነው፤ ጉዳይም ነገር ነው፤ በዳኛ ፊት የሚቀርብ ሙግትም ነገር ነው። «ነገረኛ» ስንል ግን ነገር አዋቂ ማለታችን አይደለም፤ ጠብ ፈላጊ ማለታችን ነው። «ክርክር» የሚለውም ቃል ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፤ ልጅ በታላላቆቹ ፊት «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ «አትከራከር» ተብሎ ይገሠጻል። ይህን አስተዳደግ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ወጣት ገና በመጀመሪያው ዓመት ክርክርን ራሱን የሚያስተምር ትምህርት ይጠብቀዋል። ይኸውም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ የሚሰጠው «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የተባለው ነው።

ይህን ትምህርት ከወሰዱት መካከል ብዙዎቻችን ከፈተናው በኋላ በአእምሮአችን የቀረልን የስሕተት አስተሳሰቦች ስም ዝርዝር፥ ማለት «ፋላሲ» የሚባሉት ናቸው። ስሞቹም በእንግሊዝኛና በላቲን ስለ ሆኑ በመኝታ ቤት ጨዋታ ላይ እንደ ድንጋይ ይወረወራሉ። በእኛ አስተያየት ግን ስም ማወቁ የጥናቱ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ተከራካሪው ሳይናገር ያለፈውን ነገር ፈልጎ ማውጣት ነው። ከዚህ በታች ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው።

የሎጂክ ትምህርት ከአሪስቶትል ይጀምራል። እርሱ እንዳሳየው የአንድ ማስረጃ አካሄድ ትክክል መሆንና የተነገረው ነገር እውነት መሆን ሁለት ልዩ ልዩ ጉዳዮች ናቸው። ምሳሌ እንስጥ። ወንዝ ሁሉ ወደ ባሕር ይገባል፤ አዋሽ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ አዋሽ ወደ ባሕር ይገባል። በዚህ አካሄድ ላይ አንዳች እንከን አይገኝበትም፤ ሁለቱን መነሻዎች የተቀበለ ሰው መደምደሚያውን ሊክድ አይችልም። ነገር ግን አዋሽ በአፋር ምድር አልፎ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር መሆኑን የጂኦግራፊ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው በአካሄዱ ሳይሆን በመነሻው ነው። ይህን ልዩነት በሚገባ የያዘ ተማሪ «አነጋገሩ ያምራል» ከማለትና «እውነት ነው» ከማለት መካከል ያለውን ርቀት መለካት ጀመረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሰዎች በዕለት ተዕለት ኑሮአቸው ሲከራከሩ ሦስት ዐረፍተ ነገር ደርድረው አይናገሩም። «ይህ ልጅ በማትሪክ ከፍተኛ ነጥብ አምጥቷልና በዩኒቨርሲቲ ይሳካለታል» ይላሉ እንጂ በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ አይጠቅሱም። የእንግሊዙ ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 «የክርክር አጠቃቀም» ብለን ልንተረጕመው የምንችለውን መጽሐፍ ያሳተመው ይህን ጉዳይ አንሥቶ ነው። ቱልሚን ለሎጂክ ምሳሌ መሆን የሚገባው ሒሳብ ሳይሆን የሕግ ሙግት ነው አለ። በፍርድ ቤት አንድ ሰው አቋሙን ያስታውቃል፤ ለምን ቢሉት መረጃ ያቀርባል፤ ከዚህ መረጃ ተነሥተህ ወደዚያ አቋም የተሻገርከው በምን መብት ነው ቢሉት ደግሞ የሚያሻግረውን ደንብ መናገር ይኖርበታል። በማትሪኩ ምሳሌ ደንቡ «በማትሪክ የተሳካለት በዩኒቨርሲቲም ይሳካለታል» የሚል ነው። ይህም ደንብ በተራው ድጋፍ ይሻል፤ ያለፉት ዓመታት ተማሪዎች መዝገብ ተመርምሮ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ከዚያም «በእርግጥ» ነው ወይስ «ምናልባት» የሚባለው? ደግሞስ «ካልታመመ በቀር»፥ «ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋ ካልከበደው በቀር» የሚሉ በሮች ክፍት አይደሉምን? መጽሐፉ በእንግሊዝ ፈላስፎች ዘንድ ቀዝቃዛ አቀባበል ሲገጥመው በአሜሪካ የንግግርና የክርክር መምህራን ግን ወዲያው ለማስተማሪያነት ወሰዱት።

ይህን የሚያሻግር ደንብ ቱልሚን በእንግሊዝኛ የጠራበት ቃል የዋስትና ትርጕም ያለው ቃል ነው። እኛም በአማርኛ «ዋስ» ብንለው የሚሻል ይመስለናል። በቀድሞው የአገራችን ሙግት ባለጉዳዮች ከዳኛ ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ ከሚሰሙት ትእዛዝ አንዱ «ዋስ ጥራ» የሚለው ነበርና። እርግጥ ያ ዋስ ሰው ነው፤ የሚዋሰውም ለሰው ነው። የቱልሚን ዋስ ግን ደንብ ነው፤ የሚዋሰውም ከመረጃ ወደ አቋም ለሚደረገው እርምጃ ነው። ለደንቡ የሚቀርበውንም ድጋፍ «የዋስ ዋስ» ልንለው እንችላለን።

ዝምድናው በቃሉ ብቻ አያበቃም። «በላ ልበልሃ» እየተባለ በሚጀመረውና «ተጠየቅ» በሚባለው የቀድሞ ሙግት ተከራካሪው ነጠላውን አስተካክሎ፥ ዘንጉን ይዞ፥ ባለጋራውን ፊት ለፊት እየጠየቀ ነገሩን ያወጣው ነበር። በማር፥ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱም ነበር። ለማስረዳት ያህል አንድ ሙግት በአሳባችን እንፍጠር። ከሳሽ «መሬቱ የአባቴ ርስት ነው፤ አባቴ ሠላሳ ዓመት ግብር ገብሮበታል» ይላል። ተከሳሽ ግብር መገበሩን አይክድም። «ተጠየቅ! ግብር የገበረ ሁሉ ባለርስት ነውን? ጭሰኛስ አይገብርምን?» ይላል እንጂ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ መረጃው አልተነካም፤ የተመታው ሳይነገር የታለፈው ዋስ ነው። ከሳሹም ነገር አዋቂ ከሆነ ደንቡን አጥብቦ ይመለሳል፤ «ጭሰኛ የሚገብረው በባለርስቱ ስም ነው፤ አባቴ ግን የገበረው በራሱ ስም ነው» ይላል። አሁን ክርክሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቢቀርም፥ የዚህ ጥያቄ አወጣጥ ዛሬም በሎጂክ ክፍል ሊሰጥ የሚገባው ነው። በጽሑፍ የሚካሄደው የክስ ሥርዓት ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና ከ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወዲህ ሲጠነክር፥ የቃሉ ሙግት እየቀረ ሄዶ ዛሬ በበዓል መድረክ እንደ ትርኢት ይታያል። ትርኢቱን ስናይ በግጥሙና በዘንጉ አወዛወዝ እንስቃለን፤ ጥያቄዎቹን ግን አናጠናቸውም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የአንድምታ ትርጓሜ ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። «አንድም» እያለ ልዩ ልዩ ፍቺዎችን ጐን ለጐን ያኖራል እንጂ አንዱ ሌላውን እንዲረታ ግድ አይልም። ስለዚህ የኢትዮጵያ አስተሳሰብ እንዲህ ነው ብሎ በአንድ ቃል መናገር የሚወድ ሰው ሁለቱን ባሕሎች አስታርቆ ማስረዳት ይኖርበታል፤ እኛ አንሞክረውም።

ወደ ስሕተቶቹ ዝርዝር እንመለስ። አሪስቶትል ስለ ሶፊስቶች ማስተባበያ በጻፈው መጽሐፍ 13 ዐይነት ስሕተቶችን ቈጥሯል፤ 6ቱ ከቃል አጠቃቀም የሚመጡ፥ 7ቱ ከዚያ ውጭ የሆኑ ናቸው። አውስትራሊያዊው ቻርልስ ሐምብሊን በ1970 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ፥ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ዝርዝር ያለ ብዙ ምርመራ እርስ በርስ እየተቀባበሉ እንደሚያትሙት ወቀሰ። ወቀሳው ተገቢ ነው እንላለን። ለምሳሌ ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መምታት ስሕተት ነው ተብለን እንማራለን። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ሰካራም በመሆኑ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ አይቀርም። ነገር ግን የቀረበው መረጃ የሰውዬው ምስክርነት ብቻ ሲሆንስ? ምስክሩ የከሳሽ ወንድም ወይም የተከሳሽ ደመኛ መሆኑን መናገር ስሕተት ሳይሆን የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ዋሱ «ይህ ሰው ያየውን በእውነት ይናገራል» የሚል ነውና። ዝርዝሩን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ሁለቱን አይለይም። ዋሱን የፈለገ ይለያል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ እናንሣ፤ ይህን ጥናት ብቻን ተቀምጦ ማጥናት ይቻላልን? እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፒተር ዌሰን በአውሮፓ 1966 ያቀረበው ፈተና ለዚህ ብርሃን ይሰጣል። ፊደሉን ወደ እኛ ፊደል መልሰን እንንገረው። አራት ካርዶች በጠረጴዛ ላይ አሉ፤ በእያንዳንዱ አንደኛው ፊት ላይ ፊደል፥ በሌላው ፊት ላይ ቍጥር አለ። የሚታዩት ሀ፥ ለ፥ 3 እና 7 ናቸው። ደንቡ «በአንደኛው ፊት ሀ ካለ በሌላው ፊት 3 አለ» የሚል ነው። ደንቡ እውነት መሆኑን ለማወቅ የትኞቹ ካርዶች መገልበጥ አለባቸው? ብዙ ሰው ሀ እና 3ን ያነሣል። ትክክለኛው መልስ ግን ሀ እና 7 ነው፤ ከ7 በስተጀርባ ሀ ቢገኝ ደንቡ ይፈርሳልና። ከ3 በስተጀርባ የትኛውም ፊደል ቢገኝ ደንቡን አያፈርሰውም። ይሁን እንጂ ግሪግስና ኮክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 በፍሎሪዳ ይህንኑ ፈተና «ቢራ የሚጠጣ ሰው ዕድሜው ከ19 በላይ መሆን አለበት» በሚል ሕግ ለውጠው ሲያቀርቡት ከአራት ተማሪ ሦስቱ ያህል በትክክል መለሱ። ሕግ ጣሹን ፈልግ ሲባል ሰው አእምሮው ይነቃል።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው ሞሽማንና ጌይል በ1998 ያሳተሙት ጥናት ነው። የፊደልና የቍጥሩን ፈተና ለብቻቸው ከሠሩት የኮሌጅ ተማሪዎች በትክክል የመለሱት 9 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፥ አምስት ወይም ስድስት ሆነው እየተወያዩ ከሠሩት ቡድኖች ግን 75 በመቶው ትክክለኛውን መልስ አገኙ። ሁጎ መርሲየና ዳን ስፐርበር በ2011 ባቀረቡት አሳብ መሠረት ምክንያት የመስጠት ችሎታችን በተለይ የሚያገለግለው ለክርክር ነው፤ ለራሳችን አቋም ሰነፎች፥ ለሌላው አቋም ግን ንቁ መርማሪዎች ነን። የእነርሱ አሳብ በሙሉ እውነት ነው ብንል ራሳችን ዋስ ሳንጠራ መናገራችን ነው። ቢሆንም በመማሪያ ክፍላችን ካለው አሠራር ጋር እናስተያየው፤ መምህሩ ያነባል፥ ተማሪው ይገለብጣል፥ ፈተናው ከአራት ምርጫ አንዱን መክበብ ነው። የሚጠይቅ ባለጋራ የለበትም።

የክርክር ክበብስ አለ የሚለን ይኖራል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ብዕር ይበልጣል ወይስ ጎራዴ እያልን በዕጣ በደረሰን ወገን ተሟግተናል፤ ምላስን ለመፍታት ጥሩ ነው። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ በባለጋራው ጥያቄ አሳቡን የለወጠ ሰው ተሸነፈ ይባላል። በምርምር ሥራ ግን አሳቡን ያጠበበው ሰው ነው የሚጠቅመን፤ እንደ ርስቱ ከሳሽ ማለት ነው።

ምርምርን ካነሣን ዘንድ፥ ዋሱ ሳይጠራ የሚቀርባቸው የተማሪ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። «ከተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ አሠራሩ መልካም ነው ስላሉ አሠራሩ መልካም ነው» የሚል መደምደሚያ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይገኛል። ዋሱ «ሰው በመጠይቅ ወረቀት ላይ የሚጽፈው የሚያምነውን ነው፤ የሚያምነውም እውነት ነው» የሚል ነው። መጠይቁን ያደለው የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ራሱ ከሆነስ? በጽሑፉ መከላከያ ዕለት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ኅዳግና ስለ ገጽ ቍጥር ነው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በሳምንት አንዱ ክፍለ ጊዜ በአምስት በአምስት ተማሪ ይከፈል፤ አንዱ አቋሙንና መረጃውን ያቅርብ፥ የቀሩት በጥያቄ ብቻ ይናገሩ፥ ጠያቂውም ከመጠየቁ በፊት የተባለውን በትክክል ይድገም። ውይይቱ በአማርኛም ሆነ ተማሪዎቹ በሚግባቡበት በሌላ የአገር ቋንቋ ቢሆን ትምህርቱ አይጐዳም። ፈተናውም ከምርጫው ጋር አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፤ ለምሳሌ እንዲህ ያለ፦ «አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍቱን እስከ እኩለ ሌሊት መክፈት ከጀመረ በኋላ የተማሪዎቹ ውጤት ከፍ አለ፤ ስለዚህ የሌሎቹም ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት እስከ እኩለ ሌሊት ይከፈቱ። ጸሐፊው ያልተናገረውን ዋስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ፤ ዋሱን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ‹ካልሆነ በቀር› ጨምር።»